ገንዳው ሲያርር፣ ደወሉ ሲጮህ

አቶ ላይመን ኮልበርንን በዚያ ቀን አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የተሰበረ የበር ማጠፊያ ይዤ ወደ በያጁ ግቢ ስገባ፣ አሮጌ ፒክአፓቸው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አገናኝተው ተቀምጠዋል። የሚጸልዩ መሰለኝና ቆቤን አውልቄ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጊዜው የመጋቢት መጀመሪያ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጭቃ። በእኛ በቨርሞንት ሸለቆዎች በዚህ ወር የሚጸልይ ሰው አይታጣም። ቆይቼ ጠጋ ስል ግን ጸሎት አልነበረም። በአውራ ጣታቸው ስልካቸው ላይ እየጻፉ ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ ላይመን?"

"አንዴ ልጄ፣ አንዴ ጠብቀኝ፤ ሰው እያነጋገርኩ ነው" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ከኋላ ሰፊው የማፍሊያ ገንዳቸው ተደፍቶ ተጭኗል፤ ሆዱ ከሰል መስሏል። የሜፕል ዛፍ ውሃ እያፈላ ሽሮፕ የሚያወጣ ሰው፣ በወቅቱ መካከል ያረረ ገንዳ ጭኖ በያጅ ደጅ ሲታይ፣ በሠርጉ ቀን ሱሪው እንደተቀደደበት ሙሽራ ነው። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ብዙ ዓመት ባሕር ማዶ ስማር ቆይቼ ወደዚህ ስመለስ፣ ያልተለወጠ ነገር አንድ እንኳ ቢገኝ ሽሮፕ የሚፈላበት የኮልበርን ስኳር ቤት ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበርና።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው።

"አረረ።"

"እርስዎ እያሉ?"

"እኔ እያለሁ።" ስልኩን ወደ ኪሳቸው ከተቱት። "ከአሪዞና አንዲት ሴትዮ ጽፋ፣ ሽሮፑን ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው ወይስ ቁም ሳጥን ውስጥ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ጠይቆህ መቼም ዝም አይባልም። እሷን ስመልስ ውሃው ከገንዳው አለቀ።"

"አንዲት መስመር እስኪጽፉ?"

"አንዲት መስመር! ጤና ይስጥልኝ ሳይባል? አየሩ እንዴት ነው ሳይባል? ሦስት አንቀጽ ጻፍኩላት እንጂ!"

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን መለስኩት።

"ወይዘሮ ሄስተርስ ምን አሉ?"

ወይዘሮ ሄስተር ባለቤታቸው ናቸው። ከተጋቡ ጀምሮ በዚያ ስኳር ቤት ውስጥ ሥራቸው ተከፋፍሎ ነው የኖረው፤ እሳቱ የእሳቸው፣ ገንዳው የባላቸው።

"ሄስተርማ…" ሲሉ ስልኩ ቲንግ አለ። አወጡት፣ አነበቡት፣ ፈገግ አሉ፣ መለሱት። ከዚያ ምን እያሉ እንደነበር ጠፋቸው።

"ሄስተርማ እያሉኝ ነበር።"

"አዎ። ገንዳው መጉደሉን አይታ ስትጠራኝ እንደነበር ነገረችኝ። 'እሺ፣ አንዴ' እላት ነበር አለች። እኔ አላስታውስም። በኋላ ቤቱ በጭስ ሲሞላ የእሳት ጓንቷን አወለቀችና ማገዶው ላይ ወረወረችው። 'እዚህ ለሌለ ሰው እሳት አላነድም' አለችኝ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቅዳሜ የኩባንያው ሰው ይመጣል። ዛፎቹን ተከራይቶ ውሃውን በቱቦ ወደ ፋብሪካ ሊወስድ ነው። ዛፎቹ ካባቷ የወረሰቻቸው ናቸው፣ በስሟ ናቸው። 'ያንን ደወል ስኳር ቤት ውስጥ አንዴ ብሰማ እፈርማለሁ' ብላለች። ሄስተር ደግሞ አትዝትም። የምታደርገውን ነው የምትናገረው።"

"ታዲያ ደወሉን ያጥፉታ!"

"ሰው ደጄን ሲያንኳኳ ጆሮዬን ልድፈን? የኮልበርን ቤት እንዲህ አይደለም ልጄ። አባቴን ታውቀው የለ?"

አውቃቸዋለሁ። ልጆች ሳለን ከኮረብታው በላይ ነጭ እንፋሎት ከስኳር ቤቱ ጣሪያ ሲወጣ ስናይ፣ የያዝነውን ጥለን እንሮጥ ነበር። የማን ልጅ ነህ የሚል አልነበረም። ሽማግሌው ሳይዞሩ "ግባ፣ እግርህን አራግፍና ተቀመጥ" ይሉና ትኩሱን ሽሮፕ ንጹሕ በረዶ ላይ ያፈሱልን ነበር። እሱ እንደ ማስቲካ ሲረጋ በሹካ እየጠቀለልን መብላት፣ ጣፋጩ ሲበዛብን በኮምጣጤ የተነከረ ኪያር መግመጥ፣ ከዚያ ዶናት፣ ከዚያ እንደገና። የተቀያየሙ ጎረቤታሞች እንኳ በዚያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ አይነጋገሩም፣ ኪያሩን ግን ይቀባበላሉ። የአቶ ላይመንን መከራከሪያ ስሰማ እውነትም ደጅ የመጣን ሰው ማስጠበቅ ነውር መሰለኝ።

"ዛሬ ሌሊት ውርጭ ከጣለ ነገ ውሃው ከዛፎቹ ይወርዳል" አሉኝ። "እሳት የሚያነድልኝ የለም። ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

በማግስቱ የተበየደው ገንዳ በቦታው ተቀምጦ፣ እኔም የወይዘሮ ሄስተርን ጓንት አጥልቄ ፍልጥ ስደረድር፣ ዴልፊን ቲቦ የአባቷን የሜፕል ውሃ በበርሜል ጭና መጣች። ቲቦዎች ዛፍ እንጂ ገንዳ የላቸውም። ከአያቶቻቸው ጀምሮ ውሃቸውን እዚህ አምጥተው ያስፈላሉ፣ ሽሮፑን ይካፈላሉ። ዴልፊን ሞንትሪያል ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት፤ በሸለቆው ክሊኒክ የቀጠሮ ክፍሉን ትመራለች።

"አንተ ነህ እንዴ እሳት የምታነደው?" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። "ስኮትላንድ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይኼን ነው?"

"የተማርኩት ፍልስፍና ነው" አልኳት፤ "ያም ጭሱ አይጣል ነው።"

"አክስቴ ሄስተርስ?"

አቶ ላይመን ሳሉ። እኔ ባጭሩ ነገርኳት። እየነገርኳት ሳለ የአቶ ላይመን ኪስ ቲንግ አለ፤ እጃቸው ከጭልፋው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ዴልፊን ደግሞ ያንን እጅ በዓይኗ ተከተለችው።

"ማን ነው፣ አጎቴ ላይመን?"

"ቆይ እስቲ… እነዚያ የጣሪያ ክዳን ሻጮች ናቸው። እንደገና ጻፉልኝ።"

"እንደገና?"

"ባለፈው መልሼላቸው ነበር።"

"ምን ብለው?"

መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያነብ ሰው ድምፃቸውን አስተካክለው አነበቡላት። "'ክቡራን ሆይ፣ ስላሰባችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። ጣሪያችን አምና ታድሷልና ለጊዜው ደህና ነው። በእናንተ በኩል ክረምቱ እንዴት አለፈ? ቤተሰቦቻችሁን ሰላም በሉልን።'"

ዴልፊን በርሜሉን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ።

"አጎቴ ላይመን፣ ማስታወቂያ'ኮ ነው! ለአገር ሁሉ ኮምፒዩተር የላከው ነው! እርስዎ ሰላም በሉልን ባሉ ቁጥር፣ እዚህ ቤት መልስ የሚሰጥ ሰው አለ ብሎ ደግሞ ይልካል!"

"ሰው ካለማ አለ ነው የሚባለው" አሉ ኮስተር ብለው። "ከእነሱ ይልቅ አንድ ባለጌ አለ። 'ለዚህ ደብዳቤ መልስ አይስጡ' ብሎ ጻፈልኝ። 'ጌታዬ፣ ምን አስቀየምኩዎ?' ብዬ መለስኩለት። እስካሁን ዝም።"

እኔም አልቻልኩም፤ ፍልጡን ጥዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ገብቷቸው ሳይሆን እኛን አይተው ፈገግ አሉ። ዴልፊን ግን ስልኩን ተቀብላ ያልተነበቡትን ደብዳቤዎች ቁጥር ስታይ ሳቋ ቆመ።

"ይህን ሁሉ ሊጨርሱ ነው?"

"አንድ ባንድ እያነሣሁ እመልሳለሁ። ችግሩ፣ አንዱን ስመልስ ሌላው ይመጣል።"

"አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ?"

"ብቆጣስ ትተዪኛለሽ? የቲቦ ልጅ አይደለሽ!"

"ባልዲ ዛፉ ላይ ሰቅለዋል። ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንዲት ጠብታ በወረደች ቁጥር ጫካ ሮጠው፣ ያቺን ጠብታ በማንኪያ ይዘው መጥተው ያፈላሉ?"

"እብድ ነኝ?"

"ታዲያ ምን ያደርጋሉ?"

"ባልዲው ይሞላል፣ እሰበስባለሁ፣ በርሜል ውስጥ አጠራቅማለሁ፣ ቅጠሉንና የእሳት ራቱን አጣርቼ አንዴ አፈላለሁ።"

"ደብዳቤውንስ?"

አቶ ላይመን ገንዳውን በጭልፋ አማሰሉ። ማማሰል እንደማያስፈልገው ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

"ብልጥ ነሽ" አሉ በመጨረሻ። "ግን አንድ ነገር ረስተሻል። ውሃው በርሜል ውስጥ ከሰነበተ ይኮመጥጣል። ሰውም እንደዚያው ነው። ሲያስጠብቁት ይኮመጥጣል።"

ሽማግሌው ያሸነፉ መሰለኝ። ለነገሩ ለእኔ መጨረሻ የተናገረው ሁሉ ያሸነፈ ይመስለኛል።

"በስንት ጊዜ ይኮመጥጣል?" አለች ዴልፊን።

"ከሞቀ በሁለት ቀን።"

"እኔ ሁለት ቀን ይቆይ አላልኩም። እስከ ቀትር ይቆይ ነው የምለው። የቀትሩ ያመለጠው እስከ ማታ።"

"የቸኮለ ቢሆንስ? ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ቢሆንስ?"

"ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ቁጭ ብሎ ኢሜይል ይጽፋል? ይደውላላ! ሲደወል ያንሱ። እኔ ያልኩት ስለዚህች ስለ ቲንግ ነው።"

"ደንበኞቼ ሌላ ቤት ይሄዱብኛል።"

"የአሪዞናዋ ሴትዮ ሽሮፑን ከአምና ፀደይ ጀምራ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ፍሪጅ ይሁን ቁም ሳጥን እስኪነገራት እስከ ምሳ ሰዓት መጠበቅ ያቅታታል?"

"አሁን ታሾፊያለሽ።"

"አላሾፍም" አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እኔም እንደርስዎ ነበርኩ፣ አጎቴ ላይመን። ክሊኒክ ስገባ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ማየት ትጋት ይመስለኝ ነበር። አለቆቼም ያመሰግኑኝ ነበር፤ 'ዴልፊን ወዲያው ነው የምትመልሰው' ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆማ ስለ ልጇ ሕመም ትነግረኛለች፣ የእኔ ዓይን እስክሪኑ ላይ ነው። ስሙን ደጋግሜ ጠየቅኋት። በመጨረሻ 'ስትጨርሺ ጥሪኝ እሺ የኔ እኅት' ብላኝ ሄዳ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።"

እሳቱ ተንጣጣ። ሁለት ፍልጥ ጨመርኩ። ሽማግሌ ክርክር ሲከብደው ወደ ድሮ ይሄዳል። አቶ ላይመንም ሄዱ።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም" አሉ። "ቢዩላ ነበረች ፖስታ የምታመጣው፣ እናንተ አትደርሱባትም። በቀን አንዴ ነበር የምትመጣው፤ ያውም መንገዱ ሲፈቅድ። ጭቃው ሲበረታ ሳምንት ትጠፋለች። አባቴ የመጣለትን ሁሉ የቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ይተወዋል፤ በማፍሊያው ሰሞን በሥራ ቀን ፖስታ አይከፍትም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ያነጥፋል፣ እጁን ይታጠባል፣ ቀለሙን ያወጣል። እኛ ልጆቹ እንድንጮኽ አይፈቀድልንም። የእያንዳንዱን ደብዳቤ መልስ እንደ ስእለት አድርጎ ነበር የሚጽፈው። አንዳንዶቹ ደብዳቤውን ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውት ሞቱ።"

"ሰዎቹ እስከ እሁድ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው?" አለች ዴልፊን።

"እንዴታ።"

"አባትዎ ባለጌ ነበሩ?"

አቶ ላይመን ጭልፋውን ከገንዳው አወጡት። ሽሮፑ ገና ቀጭን ነበር፤ እንደ ውሃ ተንጠባጠበ።

"አባቴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "በዚህ ሸለቆ ውስጥ እንደሱ ያለ ጨዋ ሰው አልነበረም።"

እኔ በልቤ፣ ይህች ልጅ አዲስ ነገር ልታስተምር የመጣች መስላ አሮጌውን ነገር ነው የምትመልስልን እያልኩ ነበር። ታዲያ መሻሻል የምንለው ይህ ነው? ወይስ የረሳነውን ማስታወስ? እስካሁን አልወሰንኩም።

ከዚያ አቶ ላይመን ያልጠበቅነውን ተናገሩ።

"እውነቱን ልንገራችሁ? ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በአባቴ ጊዜ እንፋሎቱ ሲወጣ ይህ አግዳሚ ይሞላ ነበር። አሁን ማን ቀና ብሎ ያያል? ልጆቹ ሄዱ። የቀሩትም ከዚህ ከሥር ሆነው 'እንዴት ነህ ላይመን' ብለው ይጽፉልኛል እንጂ ኮረብታውን አይወጡም። ይህች ነገር ቲንግ ስትል፣ እንደ ሞኝ፣ 'ሰው መጣ' እላለሁ።"

ዴልፊን ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ግን እሳቱ አፍ ላይ ተንበርክኬ፣ እጄ በማይመጥነኝ በሌላ ሰው ጓንት ውስጥ ሆኖ፣ ሳላስበው ተናገርኩ።

"አቶ ላይመን፣ ገንዳው ያረረ ቀን ሰው እዚህ ነበረ'ኮ። እዚህ እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ።"

ወደ ጓንቱ አዩ።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ቲንግ አለ፤ ገንዳውም ነጭ አረፋ አንሥቶ ወደ ጠርዙ ወጣ። በሰውየው ፊት ላይ ያየሁትን አልረሳም። ግራ እጃቸው ወደ ኪስ ጀመረ፣ ቀኝ እጃቸው ወደ መደርደሪያው። ለአንድ አፍታ መሐል ቆሙ። ከዚያ አረፋ የሚያበርዱበትን ቅቤ ከመደርደሪያው አንሥተው ቁራጭ ጣል አደረጉበት፤ አረፋው ውሃ እንደተረጨበት ቁጡ ሰው ጭጭ አለ። ስልኩ እንደገና ቲንግ አለ። አላዩትም።

"ሦስት ጊዜ ነው የጠራችኝ" አሉ ለራሳቸው። "አሁን ትዝ አለኝ። በመጀመሪያ 'ላይመን' አለች፣ ቀጥላ 'ገንዳው' አለች፣ ኋላ እንደገና 'ላይመን' አለች።" ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ለዴልፊን ዘረጉላት። "በይ አስተምሪኝ። ብቻ ሰው አታስቀይሚብኝ።"

ውሃው ፈልቶ፣ ሽሮፑ ከጭልፋው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ መውረድ ሲጀምር አቶ ላይመን ቀዱት፣ እሳቱንም አበረድኩ። ከዚያ ሦስታችን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ዴልፊን በመጀመሪያ የኢሜይሉን ደወል አጠፋች፤ የስልክ ጥሪውን ተወችው።

"እንደ ውሃው ያድርጉት" አለቻቸው። "መጀመሪያ ማጣራት ነው። ይህ ቅጠል ነው፣ ይህ የእሳት ራት ነው። መልስ አይጻፍለትም። እዚህ ታች 'አትላኩልኝ' የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ የሚያውቁት ድርጅት ከሆነ እሷን ይንኩ፣ ካላወቁት ዝም ብለው ይጣሉ።"

"ስንብት ሳልናገር?"

"ሳይናገሩ።"

ጣታቸው ጣሪያ ሻጮቹ ላይ ሲደርስ፣ "ደህና ሁኑ እንግዲህ" ብለው በቃላቸው ተሰናብተው ጣሉት።

"አሁን የቀረው ሰው የጻፈው ነው። ባጭሩ የሚመለሰውን እዚያው ይመልሱ፤ ከፍተው አንብበው አይዝጉት፣ ነገ ደግሞ ያነቡታልና። የታዘዘውን ሽሮፕ የሚመለከተው ወደ አክስቴ ሄስተር ይሂድ፣ የምታሽገው እሷ ናት። ማሰብ የሚፈልገውን ለብቻው እዚህ ሌላ ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።"

"የእሁዱ" አሉ አቶ ላይመን።

"የእሁዱ እንበለው። የከረመውን ክምር ደግሞ ዛሬ አይንኩት፤ የአምናውን በሙሉ አንድ ላይ ወደ ጎን እናድርገው። የሚፈልግዎ ሰው እንደገና ይጽፋል።"

ከሁሉ ያጨቃጨቃቸው፣ ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ወዲያው በራሱ የሚሄደው ማስታወቂያ ነበር። ዴልፊን ባጭሩ "ቀትርና ማታ መልስ እሰጣለሁ" ይበቃል አለች። እሳቸው ግን ለጨዋነት የሚገባውን ስፍራ ካልሰጡ እንቢ አሉ። ተከራክረው ተከራክረው የወጣው ይህ ነበር፦

"የተከበራችሁ ወዳጆቼ ሆይ፣ ጽሑፋችሁ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን እሳት ላይ ነኝ። ቀትር ላይና ከእራት በፊት እጄን ታጥቤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ቤት የሚቃጠል ከሆነ ደውሉ። ከኮረብታችን እንፋሎት ሲወጣ ካያችሁ ግን አትጻፉ፣ አትደውሉ፤ ግቡ። ላይመን ኮልበርን።"

ዴልፊን የቤቱን ቃጠሎ ልታወጣው ፈልጋ ነበር። የመጨረሻውን ስታነብ ግን "ይሁን፣ አንድም ቃል አይነካ" አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንደገና አፈላን። አቶ ላይመን የአባታቸውን የቆርቆሮ ፖስታ ሣጥን ከጎተራ አውጥተው፣ ደብዳቤ እንዳለ ለፖስታ አድራሽ የምታመለክተውን ትንሽ ቀይ ባንዲራ አጥፈው፣ ከበሩ አጠገብ ቸንክረውታል። ስልኩ እዚያ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ተዘግቷል። በመጀመሪያው ሰዓት እጃቸው ባዶ ኪሳቸው ውስጥ እየገባ ይወጣ ነበር፤ ጥርሱ የወለቀ ሰው ምላሱን ድዱ ላይ እንደሚያመላልሰው። ኋላ ግን ተወው።

በተከፈተው በር የኩባንያው ሰው መኪና ጭቃውን እየተጋፋ ወደ ቤቱ ሲወጣ አየን። አቶ ላይመን ጭልፋውን ጠበቅ አድርገው ያዙና ወደ ገንዳው ዞሩ።

ብዙ ጊዜ አለፈ። ከዚያ የሰው ጥላ በሩን ሞላው። አቶ ላይመን ገንዳውን እያዩ ሳይዞሩ "ግባ፣ እግርህን አራግፍና ተቀመጥ" አሉ፤ የአባታቸው ድምፅ ከአፋቸው የወጣ መሰለኝ።

ወይዘሮ ሄስተር ነበሩ። እጃቸው ላይ እስክሪብቶ ይዘዋል። አልገቡም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። የሚሰማው የገንዳው መንተክተክና የእሳቱ ድምፅ ብቻ ነበር። አዳመጡ፣ አዳመጡ።

"ደወልህ የት ሄደ?" አሉ።

አቶ ላይመን በአገጫቸው ወደ ቆርቆሮው አመለከቱ። "ሣጥን ውስጥ ነው። ቀትር ላይ አነጋግረዋለሁ።"

"አሁንስ ከማን ጋር ነህ?"

"ከገንዳው ጋር። ካንቺም ጋር።"

"በዚህ ቅደም ተከተል?"

"ገንዳው ካረረ አንቺ ትሄጃለሽ። አንቺ ከሄድሽ ገንዳው ያርራል። ቅደም ተከተሉን አንቺ አውጪለት፣ እኔ ጠፋኝ።"

ወይዘሮ ሄስተር አልሳቁም፤ ግን ገቡ። ወደ እሳቱ አፍ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይኼን እሳት ማነው ያነደደው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ያስታውቃል። ፍልጡን እንደ መጽሐፍ ደርድረኸዋል። እሳት እኮ መተንፈስ ይፈልጋል፣ ልጄ። ወዲህ በል።" ጓንቱን ከእጄ አውልቀው ተቀበሉኝ፣ እስክሪብቶውን አስያዙኝ።

"የኩባንያው ሰውስ?" አሉ አቶ ላይመን ደንግጠው። "በረንዳ ላይ ነው? ሰው እንዴት ይጠብቃል ሄስተር፣ እንግዳ አይደል?"

ወይዘሮ ሄስተር አንድ ፍልጥ አነሡ፤ መዝነው በሰያፍ ወደ እሳቱ ከተቱት።

"ቀትር ላይ አነጋግረዋለሁ" አሉ።

ቀትር ላይም አነጋገሩት። አንድ ማሰሮ ሽሮፕ አስይዘው፣ ወረቀቱንም እንዳመጣው፣ ሳይፈርሙበት መልሰው፣ በጨዋነት ሸኙት።

እንግዲህ ደወል በጮኸ ቁጥር የምትነሣ አንባቢ ሆይ፣ ከኮልበርን ቤት ያየሁትን ልንገርህ። ደብዳቤው አልቀነሰም፤ ግን አሁን የሚጠብቀው እሱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ደንበኛ አልጠፋም፤ የአሪዞናዋ ሴትዮ እንዲያውም "እሳቱ ይበርታልዎ" ብላ መለሰች። መልሱ የተሻለ ሆኗል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚጻፈውን ያየ ሰው የአቶ ላይመንን አባት እጅ ያስታውሳል። ገንዳው ከዚያ ወዲህ አላረረም። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ነገር ከመረዳት ነው፤ መልእክት ሁሉ ሰው ነው ማለት፣ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው መልእክት ያደርገዋል። ይህ መንገድ ለሁሉ ይሠራ እንደሆነ እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዓለም እንደ ድሮው በቀን አንዴ የምትመጣ ቢዩላን አትመልስልንም። ሣጥን ቸንክሮ ክዳኑን መዝጋት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

በወቅቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ በረዶው ከዛፎቹ ሥር ብቻ ሲቀር፣ አግዳሚው ላይ የምቀመጥበት ቦታ አጥቼ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ከሥር ከሸለቆው የወጡ፣ ለዓመታት ኮረብታውን ሳይወጡ "እንዴት ነህ ላይመን" እያሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች፣ ኪያሩን እየተቀባበሉ ነበር። ወይዘሮ ሄስተር በእሳቱ በኩል፣ አቶ ላይመን በገንዳው በኩል። በሩ ተንኳኳ።

ሁለቱም አልዞሩም። "ግባ!" አሉ ባንድ ድምፅ።